ቁልፉን ለልጆቹ ስጣቸው

«ሰላም ለአንቺ ይሁን እህቴ። ዕድሜዬ 24 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጅማ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ውስጥ አንድ የቴአትር ቡድን አቋቋምኩ። ስንጀምር ከ14 እስከ 19 ዓመት የሚሆናቸው 17 ልጆች ነበሩ። አሁን የቀሩት ስምንት ናቸው። ስለ ስደት 70 ገጽ ድርሰት ጽፌ ቅዳሜና እሑድ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እናጠናለን። ጥናት ከጀመርን ሦስት ወር ሆነን። ግንቦት መጨረሻ ላይ ለማሳየት አዳራሽ ይዣለሁ።

ልጆቹ ግን ያረፍዳሉ፣ ይቀራሉ፣ ስልክ ይነካካሉ። በተለይ ቃል የሌላቸው ሰባቱ፣ ሕዝብ ሆነው የሚገቡት፣ አንድ በአንድ ጠፉ። ላረፈደ 10 ብር ቅጣት ደነገግሁ። ጭራሽ ሁለት ልጆች በዚያው ቀሩ። ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው እንዳልል ደግሞ አንድ ቀን ከሥራ አርፍጄ ስደርስ ዝናብ እየመታቸው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

አሁን የባሰው መጣ። ዋናዋ ተዋናይት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ‹ከእንግዲህ አትመጣም› ብለው አስቀሯት። ስልክ ደወልኩላቸው፤ ዘጉብኝ። ቦታዋን ድምፁ ቀጠን ላለ ወንድ ልጅ ልስጠውና ሻሽ ልሰርለት? ወይስ ሁሉንም ትቼ ሥራዬን ልሥራ? የዛሬ ወጣት ለኪነ ጥበብ ፍላጎት የለውም መሰለኝ።

የደከመው አዘጋጅ፣ ከጅማ»

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። «ሁሉንም ትቼ ሥራዬን ልሥራ ወይ?» ላልከው መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። እባክህ አትተው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጅማ ውስጥ አንድ የ16 ዓመት ልጅ የት የት ሊውል እንደሚችል አንተም እኔም እናውቃለን። ፑል ቤት አለ። በርጫ አለ። ዝም ብሎ የሚቀመጥበት የሱቅ በረንዳ አለ። አንተ በዚያ ሰዓት አንድ በር ትከፍትላቸዋለህ። ስምንት ልጅ ብቻ ቢገባበትም በሩ ይከፈት።

«የዛሬ ወጣት ፍላጎት የለውም» ያልከውን ግን አልቀበልህም። ራስህ የጻፍከው ነገር ይሞግትሃል። ዝናብ እየመታቸው ቆመው ጠበቁኝ ብለሃል። የጅማ ዝናብ እንዴት እንደሚወርድ መቼም ለአንተ አይነገርም። ፍላጎት የሌለው ልጅ በዚያ ዝናብ አይቆምም። ሮጦ ባጃጅ ውስጥ ይገባል፤ ቤቱ ይሄዳል። ያን ቀን ለልጆቹ የጎደላቸው ቁልፍ ብቻ ነበር።

እስቲ ስለዚህ ቁልፍ እናውራ። ቁልፉ አንተ ጋ ነው። ድርሰቱም አንተ ጋ ነው። ማን ምን እንደሚጫወት የወሰንከው አንተ ነህ። ቀኑን የቆረጥከው፣ አዳራሹን የያዝከው፣ ቅጣቱን የደነገግከው አንተ ነህ። ልጆቹ እጅ ላይ ምን አለ? በወረቀት የተሰጣቸው ቃል አለ። ሰባቱ እሱም የላቸውም።

ሒሳቡን ልሥራልህ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሦስት ሰዓት፣ ለ12 ሳምንት። 72 ሰዓት ይመጣል። አንድ የ15 ዓመት ልጅ 72 ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ የሌላውን ጥናት ያያል። በመጨረሻ በመድረኩ ላይ ሁለት ጊዜ ያልፋል። እኔም ብሆን ስልኬን እነካካ ነበር።

ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። እኔም ተማሪ እያለሁ እዚሁ ጅማ በድራማ ክበብ ውስጥ ነበርኩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ የፀረ ኤድስ ክበብ የሌለው ትምህርት ቤት አታገኝም፤ ክበብ ካለ ደግሞ ድራማ አለ። ድርሰቱን የሚጽፉት መምህራችን ነበሩ። የሚለፉ ሰው ነበሩ። ግን እያንዳንዱ ቃል ከእሳቸው አፍ ነው የሚወጣው። የእኔ ድርሻ ታማ የተኛች እናት መሆን ነበር። ያለኝ ቃል አንድ ነው፤ «ልጄ፣ እኔን አይተሽ ተማሪ» ማለት። ለዚያች አንድ ቃል ስል ሁለት ወር ተመላለስኩ።

አንድ ቅዳሜ መምህሩ አሟቸው ቀሩ። ክፍሉ ክፍት ነበር። ወደ ቤት መሄድ ማንም አልፈለገም። አንዲት ልጅ ጥግ የቆመውን ባልዲ ብድግ አደረገችና «ቦኖ እንጫወት» አለች። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነበር። ቦኖ ላይ ጠብ አይጠፋም። ደብተሮቻችንን እንደ ጀሪካን ወለሉ ላይ በተርታ ደረደርን። ማን ማንን እንደሚሆን የነገረን የለም። አንዱ ልጅ የቦኖ ጠባቂዋን ሆነ። ቁልፏን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትጎማለል የምናውቃትን ሴትዮ ቁጭ አደረጋት። እኔ ወረፋ የምሰርቅ ጎረቤት ሆኜ ገባሁ። በሳቅ ሞትን።

በመካከል አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምተነው አናውቅም። ደብተሯን በእግሬ ገፋ አድርጌ ከወረፋው አስወጣሁባት። «እኔም ቤት የሚጠማ ሰው አለ!» ብላ ጮኸችብኝ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ልጅቷ የምሯን እያለቀሰች ነበር። ቤታቸው ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተኛ ሕመምተኛ እንዳለ የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ በሽታው ድራማ ስንሠራ ሁለት ወር አብራን ተቀምጣለች። እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሰኞ መምህሩ ተመለሱ። የሆነውን ነገር ማናችንም አልነገርናቸውም። ሁላችንም ወደየወረቀታችን ተመለስን። እስከ ዛሬ ያ ነገር ይቆጨኛል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በመጪው ቅዳሜ 70ውን ገጽ ቤት አስቀምጠህ ሂድ። ልጆቹን ሦስት ሦስት አድርገህ ክፈላቸው። ርዕሱ ያው ስደት ይሁን። ከጅማ ዙሪያ ስንት ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር እንደሄደች ታውቃለህ። ከቡድንህ ውስጥ አክስት፣ እህት ወይም ጎረቤት ያልሄደችበት ልጅ ብታገኝ ይገርመኛል። ለአንዱ ቡድን «ሻንጣ የሚታሰርበት ሌሊት» በለው። ቡናው፣ በርበሬው፣ ድርቆሹ የቱ ይገባል፣ የቱ ይቀራል? ለሌላው «የተላከው ብር ቤት ሲደርስ» በለው። ማን ይቆጥረዋል? ማን ስንት ይደርሰዋል? ማን ዝም ይላል? ለሦስተኛው ደግሞ ስልክ ስጠው። ወዲያ ማዶ ያለችው «ደህና ነኝ» ትላለች። እናት ከድምፅዋ ትጠረጥራለች። ሩብ ሰዓት ይዘጋጁ። ከዚያ ያሳዩ። ጥቁር መነፅር ያደረገ ደላላና የምክር ንግግር በዚያ ቀን ይከልከሉ።

አንተ ከኋላ ተቀመጥ። ደብተርህን አውጣና የሚሉትን ጻፍ። አታርም። «ድምፅ ጨምር» እንኳ አትበል። እንዲህ ሦስት ቅዳሜ ከሠራህ በኋላ 70 ገጽህን ከዚያ ደብተር ጎን አስቀምጠው። የትኛው ገጽ እንደሚቀር ያኔ ለራስህ ይታይሃል። ሃያ ወይም ሃያ አምስት ገጽ ቢተርፍ ብዙ ነው። በተረፈው ላይ ልጆቹ እየጨመሩበት ይሂዱ። ቃል የሌላቸው ሰባቱም ቢመለሱ ያኔ ቃል ይኖራቸዋል፤ ራሳቸው ያመጡት ቃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ልጆች የሰፈር ታሪክ ሲያመጡ የእውነት ሰው ይዘው ይመጣሉ። የእገሊት ልጅ፣ የእገሌ ቤት ይባላል። ያቺ ሴትዮ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ትቀመጥ ይሆናል። ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ የሄደችበትን አገር ለውጡ። በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ሲጽፉ በዘመናቸው ያዩትን ብልሹ አሠራር በእንስሳት አፍ ነው የተናገሩት። ተውኔቱ ከመታገድ ባይድንም ብልሃቱ ዛሬም ይሠራል። ሰውየውን ደብቅ፣ ነገሩን ግለጥ።

ስለ መጨረሻውም ላንሳ። ድርሰትህ ልጅቷ ተጎድታ ስትመለስ፣ ደላላው ካቴና ሲገባለት እንደሚያልቅ እገምታለሁ። ከሆነ፣ ተመልካችህ ይህን ገና ሲቀመጥ ያውቀዋል። ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ያስፋፋው ፎረም ቴአትር የሚባል አሠራር አለ። ታሪኩ ችግሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ከመጀመሪያው ይደገማል። በሁለተኛው ዙር ከተመልካች አንዱ «ቁም!» ይልና ተነሥቶ የአንዱን ተዋናይ ቦታ ይይዛል፤ «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» ብሎ ያሳያል። ሌሎቹ ተዋንያን በገፀ ባሕርያቸው ሆነው ይመልሱለታል፤ ቀላል አያደርጉለትም። ሌላ ሰው ይነሣል። ለዚህ አንድ አፈ ቀና አስተባባሪ ያስፈልጋል። ከልጆቹ አንዷን አሠልጥናት እንጂ አንተ አትግባበት። አንዲት የ50 ዓመት እናት ተነሥታ ልጇን ስትሸኝ ምን ብትላት እንደሚሻል መድረክ ላይ ስትሞክር አስበው። የጻፍከው ንግግር ከዚያ አይበልጥም።

ቋንቋውን ደግሞ ልቀቀው። ድርሰትህ ከዳር እስከ ዳር የመጽሐፍ አማርኛ ከሆነ ግማሹን ልጅ ምላሱን አሥረኸዋል ማለት ነው። ጅማ ውስጥ አንድ ቤተሰብ እንኳ በአንድ ቋንቋ አይጨቃጨቅም። ባጃጅ ነጂው በአማርኛም በኦሮምኛም ይሳደባል። እናት ልጇን የምትሸኘው «ነጋቲ» ብላ ከሆነ መድረክም ላይ «ነጋቲ» ትበል። ማንም ትርጉም አይጠይቅህም። ሐሙስ ገበያ ልጆቹን ላካቸውና ሰው እንዴት እንደሚነጋገር ሰምተው ይምጡ።

ቅጣቱን አንሣው። ለአንተ 10 ብር ትንሽ ናት። ኪሱ ባዶ ለሆነ ልጅ ግን ማርፈድ መቅረት ይሆንበታል። ሁለቱ የቀሩት እንዲያ ብለው ይመስለኛል። ደውለህ ጥራቸው፤ ስለ ብሩም አታንሣባቸው። በቅጣቱ ፋንታ ቁልፉን ስጣቸው። የምሬን ነው። በየሳምንቱ ሁለት ልጆች ተራ ይያዙ። ደብተር ላይ ፈርመው ይረከቡ፤ ፈርመው ያስረክቡ። በሩን እነሱ ይክፈቱ፣ ወለሉን እነሱ ይጥረጉ፣ መብራቱን እነሱ ያጥፉ። ማዕከሉ ቁልፍ ለልጅ አይሰጥም ካለህ ኃላፊነቱን አንተ ፈርምና ያስፈቅዱልህ። ቁልፍ የያዘ ልጅ አያረፍድም። ቢያረፍድ እንኳ በር ላይ የሚቆሙት ጓደኞቹ ናቸውና እነሱ ይናገሩታል።

የጠፉትን ዘጠኝ ልጆችም አንድ በአንድ አግኛቸው። «ለምን ቀረህ?» አትበል፤ ወቀሳ ይመስላል። «ምን ብትሠራ ደስ ይልህ ነበር?» በል። አንዱ መብራት ይላል። አንዷ ልብስ መስፋት ትወድ ይሆናል። አንዱ ከበሮ ይመታል። መድረክ ላይ መቆም የማይሆንለት ልጅ ሞልቷል፤ ቴአትር ግን ያለ እነሱ አይቆምም። ዘጠኙም አይመለሱም። አራቱ ቢመለሱ እግዜር ይስጥልን በል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያስጨነቀኝ ግን የልጅቷ እናት ነገር ነው።

ወንድሜ፣ እናቷ ልክ ናቸው። ይህን ስትሰማ እንዳትቀየመኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን በጀመሩበት በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ያ ቁጥር በየቤቱ ገብቷል። እናት ለአሥራ ሁለት ዓመት ደብተር ገዝታ፣ ልጇ ወይ ከሦስቱ ትሆናለች፣ ወይ ከዘጠና ሰባቱ። ፈተናው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። አንተ ደግሞ ግንቦት መጨረሻ ላይ መድረክ ትፈልጋታለህ፤ በሳምንት ስድስት ሰዓት ትወስዳለህ። ጥናቱ የሚያልቀው 12 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ እየመሸ ወደ ቤት። እኔም እናት ነኝ፤ እኔም አስቀራት ነበር።

ስለዚህ ቀኑን ግፋው። አዳራሹን ሄደህ ተነጋገር። ከፈተናው በኋላ ሐምሌ ውስጥ ይሁን። ከአንተ በስተቀር ማንም ግንቦት ብሎ አልጠበቀህም። እንዲያውም ሥራው ገና እንደ አዲስ የሚጀመር ነው፤ ጊዜ ያስፈልግሃል። ጥናቱንም 11 ሰዓት ላይ ጨርስ። ልጆቹ የሶላትና የቅዳሴ ሰዓታቸውን ሳይሰርቁ የሚመጡበትን ሰዓት ራሳቸው ይምረጡ።

ከዚያ ወደ ቤታቸው ሂድ። ስልክ አትደውል። የማታውቀው ወጣት ወንድ ስለ ሴት ልጅህ ሊያወራ ሲደውልልህ አንተስ ምን ትላለህ? ብቻህንም አትሂድ። ከቀሩት ስምንት ልጆች የአንዷን እናት ለምናቸው፤ እሳቸው ይዘውህ ይግቡ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ይሁን። ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ ስለ ቴአትሩ አታንሣ። ለምን እንደመጣህ ግን መጀመሪያውኑ ንገራቸው። «እናቴ፣ ልጅዎን መልሱልኝ ልል አልመጣሁም። ሳልጠይቅዎት በመጀመሬ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» በላቸው። ከዚያ ዝም በል። እሳቸው ይናገሩ። የሚሉት ነገር ሊቆጠቁጥህ ይችላል። «አዝማሪ ልታደርጓት ነው?» ይሉህ ይሆናል። የጎረቤት ሐሜት ያነሡ ይሆናል። አትከራከር።

ሲጨርሱ ሦስት ነገር ንገራቸው። ጥናቱ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ። ማን ከማን ጋር ወደ ቤት እንደሚመለስ፣ በስም። አዳራሹ ውስጥ ከአንተ ሌላ የትኛዋ ትልቅ ሰው እንዳለች። ለሦስተኛው መልስ ከሌለህ ከመሄድህ በፊት ፈልግ። ለአንዲት እናት ወይም አክስት ወንበር አዘጋጅና ጥናቱ ላይ ይቀመጡ፤ ስፌታቸውን ይዘው ቢመጡም ይሁን። በሩም ክፍት ይሁን።

እዚህ ላይ ጠንከር አድርጌ ልናገር። አንተ የ24 ዓመት ወንድ ነህ፤ እነሱ የ15 እና የ16 ዓመት ሴቶች። ክፉ እንደማታስብ አምናለሁ። ቢሆንም ከአንዲት ልጅ ጋር ብቻህን «ተጨማሪ ጥናት» የሚባል ነገር አይኑርህ። ማታ አትደውልላቸው። ልብስ የሚቀየርበት ክፍል የሚዘጋ በር ይኑረው፤ ወንዶቹ ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ። የጥናት ቪዲዮ ያለ ልጆቹና ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ ቲክቶክ ላይ አይወጣም። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈህ ግድግዳው ላይ ለጥፈው። ወላጅ ሲገባ ያነብበዋል። አንተንም ከሐሜት ይጠብቅሃል።

ወላጆቹ ቴአትር የማያውቁ አይምሰሉህ። የዚህ ከተማ ብዙ ወላጅ በልጅነቱ ሰርከስ ጅማ ሲያሳይ አፉን ከፍቶ ያየ ነው። ታላላቆቻቸው የቀበሌ ኪነት ውስጥ ዘፍነዋል። ጠይቃቸው እስቲ። ደስ እያላቸው ያወሩሃል።

ዕቃም ለምናቸው። ይህን ከልቤ የምመክርህ ነው። መድረክህ ላይ ቤት አለ አይደል? ለዚያ ቤት ዕቃ አትግዛ፣ አትከራይም። ከእያንዳንዱ ልጅ ቤት አንድ ነገር ተዋስ። ከአንዱ ረከቦት፣ ከአንዱ ጀበና፣ ከአንዱ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ ወንበር። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ አያቱ የተቀመጡበት፣ መቀመጫው በልብስ ታሽቶ መስታወት የመሰለ ወንበር በስንት ቤት አለ። ወንበሯ መድረክ ላይ የወጣ እናት ያን ቀን ቤቷ አትቀርም። ጎረቤቷንም ይዛ ትመጣለች፤ «ያ የእኔ ነው» ልትል።

እናቷ ከዚህ ሁሉ በኋላም «አይሆንም» ቢሉስ? እሺ በላቸው። ልጅቷ ተደብቃ እንድትመጣ በቃልም በምልክትም አታበረታታት። ተደብቃ የመጣች ልጅ አንድ ቀን ትያዛለች። ያን ጊዜ የሚዘጋው የሁሉም ሴቶች በር ነው።

ቦታዋን ለወንዱ ልጅ እንዳትሰጥ ግን እለምንሃለሁ። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ሲጀምር ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበርና የሴቶቹን ቦታ ወንዶች ይጫወቱ ነበር። ሴቶች ያን መድረክ ያገኙት በስንት ስድብ መካከል አልፈው ነው። ስለ ሴት ልጅ ስደት የሚያወራ ቴአትር ላይ ሻሽ ያሰረ ወንድ ስታቆም ተመልካቹ ይስቃል። ታሪኩ እዚያው ይሞታል።

ሌላ መንገድ አለህ። አንዷን ገፀ ባሕርይ ለአራት ሴቶች አካፍላት። አንዲት ቢጫ ሻሽ ይኑር። ሻንጣ ስታሥር አንዷ ልጅ ናት። ሻሹን ፈትታ ለሁለተኛዋ ታሥርላታለች፤ አሁን አውሮፕላን ማረፊያ ያለችው ሁለተኛዋ ናት። ስልክ የምትደውለው ሦስተኛዋ። የምትመለሰው አራተኛዋ። ተመልካች በሻሹ ይከተላታል፤ አይደናገርም። እያንዳንዷ እናትም «ይቺ የእኔ ልጅ ብትሆንስ» ትላለች። አንዷ ብትታመም፣ አንዷ ብትከለከል ሥራው አይፈርስም። የመጨረሻውን ትዕይንት ደግሞ ለፈተና ተማሪዋ አቆይላት። ፈተናዋን ጨርሳ፣ እናቷ ፈቅደው ከመጣች በሁለት ሳምንት ትደርስበታለች። ካልመጣችም ሻሹን የምታሥር አትጠፋም።

የሐምሌ ነገር ሲነሣ ዝናቡን አትርሳ። ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ የትልቅ ሰው ድምፅ እንኳ አይሰማም። በተቻለ መጠን ጠዋት አሳዩ። ዝናቡ ከያዛችሁም ልጆቹ በቃል ሳይሆን በእጅና በፊት የሚጫወቱት አንድ ትዕይንት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ከበሮ የሚመታው ልጅ እዚህ ይጠቅምሃል። አሁኑኑ፣ ዝናብ በያዘ ቀን፣ ጥናት ላይ ሞክሩት።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልህም። ለልጆቹ የሌለህን አበል ቃል አትግባ። የሚገባውንና የሚወጣውን ብር ከልጆቹ አንዷ በደብተር ትመዝግበው፤ ሁሉም ይየው። «ብር እንሰጣችኋለን፣ እኛ የጻፍነውን ቃል በሉ» የሚል ድርጅት ከመጣ ልጆቹን ሰብስበህ ጠይቃቸው፤ ለብቻህ አትፈርም። እኛ አንድ ጊዜ ለአንድ በዓል ድራማ እንድንሠራ ታዘን፣ ልብስ ይሰጣችኋል ተብለን፣ ለወር ደከምን። በቀኑ ንግግር በዛና መድረኩ ሳይደርሰን ሰው ተበተነ። ከጓደኞቼ አብዛኞቹ ዳግመኛ ወደ ክበቡ አልመጡም።

ለራስህም ትንሽ እዘን። ሁለት ዓመት ብቻህን ተሸክመኸዋል። ከትልልቆቹ ልጆች ሁለቱን ረዳት አዘጋጅ አድርጋቸው። በወር አንድ ቅዳሜ ቅር፤ ከልብህ ቅር፤ ስልክህንም አጥፋ። በሩን ማን እንደሚከፍተው ታውቃለህ።

የሐምሌው ቀን ሲቆረጥ ጻፍልኝ። እናቷ ምን እንዳሉህም መስማት እፈልጋለሁ። እኔም ከእናቴ የቀረ ባለ ሦስት እግር ወንበር አለኝ፤ አንድ እግሩ ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ ሰው ይችላል። ከፈለግከው ቀደም ብዬ አመጣልሃለሁ። ቁልፍ ተራ የያዙት ልጆች ስንት ሰዓት ላይ እንደሚከፍቱ ብቻ ንገረኝ።